ሶቪየት ኅብረት በአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ስፖርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኦክቶበር ወር 1988 በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ በተለመደው ስሙ ፓራሊምፒክ፣ የሶቪየት ኅብረት ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በበጋው ውድድር ተሰለፈ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ሰልፍ የመጨረሻውም ሆነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አገሪቱ ራሷ ፈርሳለችና። ቡድኑ በአትሌቲክስና በዋና ብቻ ተወዳድሮ 21 ወርቅ፣ 19 ብርና 15 ነሐስ፣ በድምሩ 55 ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። ለጀማሪ እጅግ የሚያኮራ ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ከሜዳሊያው ብዛት ይልቅ የሚያስገርመው የተጓዦቹ ማንነት ነው። የሄዱት ዐይነ ስውራን ወይም የማየት ኃይላቸው የደከመ ሰዎች ነበሩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት፣ ወይም እጁን በፋብሪካ መኪና ያጣ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ወታደር አካሉ ጎድሎ በተመለሰበት አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ከስፖርቱ ሜዳ ርቆ፣ በመኖሪያ ቤቶች ደረጃ፣ በአሳንሰር በር ስፋትና በማኅበራት ሕግ ውስጥ ይገኛል። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ጉባኤ መቅረቡም ስለዚሁ ነው።

የውድድሩን አነሣሥ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሉድቪግ ጉትማን የተባለው በትውልድ ጀርመናዊ የሆነ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ከናዚዎች ግፍ ሸሽቶ በ1939 እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ፣ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም ስፖርትን ከሕክምናው ጋር አዋሐደው። ጁላይ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሕሙማን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ተወዳደሩ። በ1952 ሆላንዳውያን ስለ መጡ ውድድሩ ዓለም አቀፍ ሆነ፤ በ1960 በሮማ የተደረገው ደግሞ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ተቈጠረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድረኩ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ነበር። ዐይነ ስውራንና እጅ ወይም እግር የተቈረጠባቸው የተጨመሩት በ1976 በቶሮንቶ ነው። ሶቪየት ኅብረት ከእነዚህ ሁሉ በአንዱም አልተገኘችም።

ይህ ማለት ግን አገሪቱ ከአካል ጉዳተኞች ዓለም አቀፍ ስፖርት ፈጽማ ርቃ ነበር ማለት አይደለም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከጉትማን አስቀድመው በ1924 በፓሪስ የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ጀምረው ነበር። ሶቪየት ኅብረት ወደዚህ ጨዋታ በ1957 በሚላኖ ገባች፤ ከዚያም በኋላ ከኃያላኑ ቡድኖች አንዷ ሆና ዘለቀች። እንግዲህ ያው መንግሥት፣ ያው ፓርቲ፣ ያው የስፖርት ኮሚቴ መስማት የተሳናቸውን ወደ ውጭ አገር ሲልክ፣ እግር የሌላቸውን ከቤት አላወጣም። ልዩነቱ የመጣው ከምን ነው?

መስማት የተሳናቸውና ዐይነ ስውራን ማኅበር ነበራቸው። የመላው ሩሲያ የዐይነ ስውራን ማኅበር በ1925፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በ1926 ተቋቁመዋል። እነዚህ ማኅበራት ስም ብቻ አልነበሩም፤ ፋብሪካዎች ነበሯቸው። የዐይነ ስውራኑ ማኅበር ድርጅቶች ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና የመሳሰሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ያመርቱ ነበር። በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ክበብ ያቋቁማሉ፣ ቡድን ይመሠርታሉ፣ ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር ይገጥማሉ። በእርግጥ ማኅበራቱ ከፓርቲው ዐይን ውጭ አልነበሩም፤ መሪዎቻቸውም ከበላይ ፈቃድ ውጭ አይመረጡም ነበር። ቢሆንም ገንዘብ፣ አዳራሽና የአባላት መዝገብ ነበራቸው። ስፖርት ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር አይጠይቅም።

እግሩን ወይም አከርካሪውን የተጎዳው ሰው ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረውም። ከጦርነቱ በኋላ በየከተማው ገበያና በየባቡር ጣቢያው የሚታየው እግር የለሹ አርበኛ፣ አራት ኩሽኔታ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ የእንጨት መግፊያ እየያዘ መሬቱን እየገፋ የሚሄድ ነበር። ኩሽኔታው በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ይለያል ይላሉ የዘመኑ ሰዎች። መሣሪያው ቀላል ነው፤ የተበላሸ መኪና ባለበት ሁሉ ይሠራል። ግን ደግሞ ሰውየውን ከሌላው ሰው ጉልበት በታች ያስቀምጠዋል።

እነዚህ ሰዎች በጋራ የሚሠሩባቸው የምርት ኅብረት ሥራዎች ነበሩ፤ ጫማ ይሰፉ፣ ሰዓት ይጠግኑ፣ ልብስ ይሠሩ ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960 ባለው ጊዜ ግን የምርት ኅብረት ሥራዎች ሁሉ እየተዘጉ ለመንግሥት ኢንዱስትሪ ተላለፉ። በኢኮኖሚ ዓይን የቢሮ ለውጥ ሊመስል ይችላል። ለአካል ጉዳተኛው ግን ከብጤው ጋር የሚገናኝበት ብቸኛው ሕጋዊ ቦታ ተዘጋ ማለት ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ግንኙነት ከመንግሥት ጋር በግል የሚደረግ ብቻ ነው። ከ1932 ጀምሮ የሐኪሞች አጣሪ ጉባኤ ሰውየውን ይመረምርና ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ይመድበዋል፤ መለኪያው የመሥራት ችሎታው ነው። አንደኛ ክፍል የተባለው ሥራ የማይችል፣ የሌላ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ማለት ነው። ጡረታው በዚሁ ይወሰናል። ሥራ እንደማይችል በመንግሥት ማኅተም የተረጋገጠለት ሰው ከዚያ በኋላ የመቶ ሜትር ሩጫ ይወዳደራል ብሎ ማን ያስባል?

እዚህ ላይ ስለ አሌክሴይ ማሬሲየቭ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። ይህ ተዋጊ አብራሪ በ1942 አውሮፕላኑ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ 18 ቀን በጫካ ውስጥ እየዳኸ ወደ ወገኖቹ ደረሰ። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ተቈረጡ፤ በ1943 በሰው ሠራሽ እግር እንደገና በረረ፣ የጠላት አውሮፕላኖችም ጣለ። ቦሪስ ፖሌቮይ በ1946 ታሪኩን በልብ ወለድ መልክ አሳተመው፤ መጽሐፉም በየትምህርት ቤቱ ተነበበ። የማሬሲየቭ ጀግንነት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን የእርሱ ታሪክ ለሌሎቹ የሰጠው ትምህርት ከባድ ነበር፦ ፈቃዱ የጸና ሰው እንደ ጤነኛ ይሆናል፤ ያልሆነ ደግሞ ፈቃዱ ደክሟል። በጀግናውና በጡረተኛው መካከል ለተራው ስፖርተኛ የሚሆን ቦታ አልተተወም።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በሰርፑሆቭ ከተማ የሚገኘው ፋብሪካ ለአካል ጉዳተኞች ባለሞተር ጋሪ ይሠራ ነበር። በ1952 የወጣችው ባለ ሦስት ጎማ ነበረች። በ1958 የተከተለችው ኤስ 3 አ የምትባለው አራት ጎማ ነበራት። በ1965 በታየ ታዋቂ የሌኦኒድ ጋይዳይ ቀልደኛ ፊልም ውስጥ ወፍራሙ ተዋናይ ሞርጉኖቭ ስለ ተቀመጠባት ሕዝቡ ስሟን በእርሱ ስም ለወጠው። ከ1970 እስከ 1997 የተሠራችው ኤስ 3 ዲ ደግሞ ባለ ሁለት መቀመጫና የተዘጋ አካል ያላት ሆነች፤ ከ200 ሺህ በላይ ተመርታለች። ሞተሯ ከሞተር ብስክሌት የተወሰደ ነው፤ ይዞታው 346 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር የሚደባለቅ። ጋቢናው ብረት ስለ ሆነ መኪናዋ ግማሽ ቶን ያህል ትመዝናለች፤ ይህን ያህል ክብደት ለሞተር ብስክሌት ሞተር ማሸከም ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ጩኸቷ ከፍተኛ፣ ፍጥነቷ ዝቅተኛ ነበር። ቢሆንም መሪው፣ ፍሬኑና ማርሹ ሁሉ በእጅ እንዲሠሩ ሆነው መቀረጻቸው መልካም የምሕንድስና ሥራ ነው። መኪናዋ የምትሰጠው በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት በኩል ለአምስት ዓመት ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅ ተመልሳ ሌላ ትተካለች።

እንግዲህ ጋሪዋን የተቀበለው ሰው በራፉ ድረስ ደረሰ እንበል። ከዚያስ? በሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ የዚህ ማኅበር አባላት ከከተማው ዳር እስከ ዳር የተደረደሩትን ባለ አምስት ፎቅ ቤቶች ያስታውሷቸዋል። በኒኪታ ክሩሽቾቭ ዘመን ከተዘጋጁ የኮንክሪት ሰሌዳዎች በፍጥነት የተገጣጠሙት እነዚህ ቤቶች አሳንሰር የላቸውም፤ የግንባታው ደንብ እስከ አምስት ፎቅ ድረስ አሳንሰር አያስገድድም ነበርና ወጪ ለመቈጠብ ልኩ በዚያው ተወሰነ። በኋላ የመጡት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤቶች አሳንሰር ነበራቸው። ግን ከመንገዱ እስከ አሳንሰሩ በር ድረስ ግማሽ ፎቅ የሚሆን ደረጃ መወጣት ነበረበት፤ በሩም ለተሽከርካሪ ወንበር ይጠብብ ነበር። ሚሊዮኖችን ከእንጨት ጎጆና ከጋራ መኖሪያ አውጥቶ የግል በር የሰጠ ፕሮግራም ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም በአራተኛው ፎቅ የሚኖረውን እግር የለሽ ሰው እዚያው አስቀረው። ንድፉን የሠሩት መሐንዲሶች ክፉዎች አልነበሩም። በሠንጠረዣቸው ላይ የሰፈረው ሰው ሁለት እግር ነበረው፤ ሌላ ዓይነት ሰው እንዳለ የሚነግራቸውም የተደራጀ ድምፅ አልነበረም።

ያን ድምፅ ለማሰማት የሞከሩ ነበሩ። በ1978 ዩሪ ኪሴሌቭ፣ ቫሌሪ ፌፌሎቭና ፋይዙላ ኹሳይኖቭ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቅ ቡድን አቋቋሙ። ኪሴሌቭ እግሮቹን ያጣ ሠዓሊ ነበር። ፌፌሎቭ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳለ በ1966 ከመስመር ምሰሶ ወድቆ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ነው። ዋናው ጥያቄያቸው ዐይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው እንዳላቸው ሁሉ ለሌሎቹም ማኅበር ይፈቀድ የሚል ነበር። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። የተሰጠው መልስ ግን ፍተሻ፣ ማስፈራራትና ክትትል ሆነ። የመንግሥታቱ ድርጅት 1981ን ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ዓመት ብሎ በሰየመ ማግሥት፣ በ1982፣ ፌፌሎቭ አገሩን ለቆ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሰደደ።

የ1980 ጉዳይ የሚገባን ይህን ይዘን ስናየው ነው። ኦሊምፒክ በሞስኮ ሲደረግ ፓራሊምፒክም በዚያው እንዲደረግ የቀረበውን ሐሳብ ሶቪየት ኅብረት አልተቀበለችም። አንድ ባለሥልጣን በጋዜጠኛ ተጠይቆ በሶቪየት ኅብረት አካል ጉዳተኛ የለም ብሎ መለሰ ይባላል፤ ፌፌሎቭም በ1986 በለንደን ላሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አባባል አርእስት አደረገው። ለፍርድ ሚዛን ሲባል ግን ሞስኮ ብቻዋን እንዳልነበረች መናገር ያስፈልጋል። በ1968 ሜክሲኮ አላስተናግድም ስላለች ጨዋታው ወደ ቴል አቪቭ ሄዷል። በ1972 ከሙኒክ ወደ ሃይድልበርግ ዞሯል። በ1984 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ አጥሮት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስለ ተወው የተሽከርካሪ ወንበር ተወዳዳሪዎቹ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተመልሰዋል። ምዕራብ ጀርመንና አሜሪካ ግን ቦታ ቢነፍጉም ቡድን ይልኩ ነበር። የሞስኮው እምቢታ ግን አስተናጋጅነትንም ተሳትፎንም አብሮ ዘጋ።

ጨዋታው በሆላንድ፣ በአርንሄም ከተማ ከጁን 21 እስከ 30 ቀን 1980 ተደረገ። በ1968 በቴል አቪቭ ፓራሊምፒክን የጀመረችው ኢትዮጵያ በአርንሄምም ተገኝታለች፤ ከሳምንታት በኋላም ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ የ5000 እና የ10000 ሜትር ወርቆችን ወሰደ። በዚያ ዓመት የእኛ አገር ሰንደቅ ዓላማ በሁለቱም ሲውለበለብ፣ የሞስኮው ባለቤት ሰንደቅ ግን በአርንሄም አልነበረም።

የሶሻሊስት ሥርዓት ራሱ ነው የከለከለው እንዳይባል ደግሞ ፖላንድ አለች። ፖላንድ በ1972 በሃይድልበርግ ተሳትፎ ጀምራ በአርንሄም ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ፖላንድ የአካል ጉዳተኞችን ኅብረት ሥራዎች አላፈረሰችም፤ ከ1952 ጀምሮ «ስታርት» የሚባል የኅብረት ሥራዎቹ የስፖርት ድርጅት ነበራት። በዋርሶ አጠገብ በኮንስታንቺን ደግሞ ፕሮፌሰር ማሪያን ቫይስ የሕክምናና የተሐድሶ ማዕከል ገንብተው ሕሙማኑን ገና አልጋ ላይ ሳሉ ያለማምዱ ነበር። በአንድ ጎራ፣ በአንድ ርዕዮተ ዓለም ሥር ያሉ ሁለት አገሮች እንዲህ መለያየታቸው፣ ኅብረት ሥራው መቈየቱና መፍረሱ ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል።

በሚካኢል ጎርባቾቭ ዘመን በሩ ሲከፈት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታተሉ። በጃንዩዋሪ 1988 በኢንስብሩክ በተደረገው የክረምት ፓራሊምፒክ የሶቪየት ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ በበረዶ ሸርተቴ ሁለት ነሐስ አገኘ። ኦገስት 17 ቀን 1988 የመላው ሩሲያ አካል ጉዳተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ፌፌሎቭና ጓደኞቹ ከጠየቁት ከአሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን ሴኡል ተከፈተ። በሁለቱ መካከል ያለው ሁለት ወር ነው። በሁለት ወር ማኅበር መመዝገብ ይቻላል፤ አሠልጣኝ ማፍራት፣ የሩጫ ወንበር መሥራት፣ ስፖርተኛውን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ ሜዳ ማድረስ አይቻልም። ዝግጁ ሆነው የተገኙት ከ1925 ጀምሮ ማኅበር የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሄዱትም እነርሱው ናቸው።

ሴኡል ለጨዋታው የኦሊምፒኩን ስታዲየም ከፈተች፤ ለእንግዶቹም እንዲያመች ሆኖ የተነደፈ መንደር ሠራች። ዐይነ ስውራን በሦስት መደብ ይወዳደራሉ፤ ቢ 1 የሚባለው ምንም ወይም ምንም ያህል የማያየው፣ ቢ 3 ደግሞ የተሻለ የሚያየው ነው። ሙሉ በሙሉ የማያይ ሯጭ ከመሪው ጋር በአጭር ገመድ ተያይዞ ይሮጣል፤ መሪው ከእርሱ መቅደም ወይም እርሱን መጎተት አይፈቀድለትም። ዘላዩ በጭብጨባ ወይም በጥሪ አቅጣጫ ይይዛል፣ እርምጃውን ቈጥሮ ይነሣል። ዋናተኛው ግድግዳው ሲቀርብ ረዳቱ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ዘንግ ነካ ያደርገዋል። እነዚህ ሁሉ ከብዙ ወር ልምምድ በኋላ ብቻ የሚሠሩ፣ ከሌላ ሰው ጋር የተቀናጁ ነገሮች ናቸው፤ ለብቻው ቤት የተቀመጠ ሰው አይለማመዳቸውም። በዚህ መድረክ ቫዲም ካልሚኮቭ በከፍታ ዝላይ፣ በርዝመት ዝላይ፣ በሱሉስ ዝላይና በአምስት ዓይነት ውድድር አራት ወርቅ ወሰደ። ከቡድኑ 21 ወርቆች አምስተኛው እጅ ገደማ የአንድ ሰው ነው።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። በዲሴምበር 1991 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በ1992 ከቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች የተውጣጣ «የተባበረ ቡድን» በፈረንሳይ በተደረገው የክረምት ፓራሊምፒክ 10 ወርቅ፣ በባርሴሎና 16 ወርቅ አግኝቶ ተበተነ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሪፐብሊክ የየራሱን መንገድ ያዘ። ዩክሬን በቀድሞው ዋናተኛና የፖሊዮ ጉዳተኛ በቫሌሪ ሱሽኬቪች መሪነት «ኢንቫስፖርት» የሚባል የመንግሥት የሥልጠና ማዕከላት መረብ በየክፍለ ሀገሩ ዘረጋች። በ1996 በአትላንታ አንድ ወርቅ ብቻ የነበራት ይህች አገር በ2016 በሪዮ 41 ወርቅ ይዛ ሦስተኛ ወጣች።

ሩሲያም በ2014 በሶቺ የክረምቱን ፓራሊምፒክ አስተናገደች፤ ሞስኮ እምቢ ካለች ከ34 ዓመት በኋላ። የከተማዋ አስፋልት መሻገሪያዎች ዝቅ ተደረጉ፣ አውቶቡሶቹ ወለላቸው ዝቅ ያለ ሆነ፣ ጣቢያዎቹ አሳንሰር ተገጠመላቸው። የአስተናጋጇ ቡድን 30 ወርቅ ሲሰበስብ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ኋላ የተገለጸው ነውር ገና አልታወቀም ነበር፤ በ2016 ግን ከሪዮ በጠቅላላው ታግዷል። በሶቺ ከ30ዎቹ ወርቆች ስድስቱን ያገኘው ሮማን ፔቱሽኮቭ ሁለት እግሮቹን በመኪና አደጋ ያጣ፣ በሸርተቴ ላይ በተተከለ ወንበር ተቀምጦ በሁለት ዱላ በረዶውን እየገፋ የሚወዳደር ሰው ነበር።